ቀዩ በሬ ያለበት ክምር

አሁን የምኖረው ሞጣ፣ ሴት ልጄ ዘንድ ነው። ቢቸና አጠገብ ያለችውን መሬታችንን የሚያርሳት ወንድ ልጄ ነው። ባለፈው ጥቅምት ደወለልኝ።

"አባዬ፣ ቤት ልሠራ ነው። ለመሠረቱም ከማሳው ጥግ ያለው የድንጋይ ክምር ይበቃኛል። ዛሬ ማንሣት ጀምሬያለሁ።"

"ተው! እስክመጣ አንዲት ጠጠር እንዳትነካ!" አልኩት።

በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሁሉ፣ ከክምሩ ሥር የቀበርነው ያ በሬ ፊቴ ላይ ነበር።

ቀይ ነበር፤ ቀንደ ሰፊ። እኔ ያኔ ገና እርፍ መጨበጥ የጀመርኩ ጎረምሳ ነኝ። በሬው ቀንበር ሲያይ ራሱ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። ትልሙ ጫፍ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ይዞራል። አባቴ፣ "ይኸ በሬ ካንተ ይሻላል፤ እሱ አንዴ ሲነገረው ይበቃዋል" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አንድ ጠዋት በረት ውስጥ ወድቆ ሲንቀጠቀጥ አገኘነው። ከአፍንጫው ጥቁር፣ የማይረጋ ደም ይወርዳል። ጎረቤቶቻችን ወሬውን ሰምተው ቢላዋቸውን እየሳሉ መጡ። ክፋት አልነበራቸውም። በሬ ሲጎዳ ሳይሞት አርዶ፣ ሥጋውን ተካፍሎ፣ ባለቤቱን ሌላ በሬ እንዲገዛ መርዳት የአገራችን ደንብ ነው።

አባቴ ግን በሩ ላይ ቆመ። "አባ ሰንጋ ነው፤ ሥጋውን የበላ ይሞታል። ቢላዋ አይነካውም።"

"ኧረ አንተ ሰው! በደንብ ጠብሰን በአረቄ ብናወርደው ምን ያደርገናል?" አለው አንዱ።

"አረቄው ልጆችህን ያሳድግልሃል?" አለው አባቴ።

ተቀየሙ። "እርዳታችንን ገፋ" ብለው ተመለሱ። በሬው እኩለ ቀን ላይ ሞተ። የቀንበር ማሰሪያ ጠፍር አልቆብን ሳለ አባቴ ቆዳውን እንኳ አልገፈፈም። ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረኝ፤ እንዳለ ቀበርነው፤ ድንጋይ ከመርንበት። በዚያ ክረምት የቀረንን አንድ በሬ ከበሬው የሚያቀናጅ ጎረቤት ጠፋ። ማሳውን በዶማ ቆፈርን። መዳፌ ሲላጥ በሆዴ ቂም ያዝኩበት፤ ለአባቴ አልነገርኩትም እንጂ።

ቢቸና ወርጄ ማሳው ዘንድ ስደርስ ልጄ ከክምሩ አናት ጥቂት ድንጋይ አንሥቶ ወደ ጎን ደርድሯል። ሚስቱም ቆማ ትጠብቃለች፤ የተከራዩት ጎጆ ያፈሳል። ከክምሩ ሥር ያለው በሬ በምን በሽታ እንደሞተ ነገርኳቸው።

"አባዬ፣ ስንት ዓመት ውርጭ ወርዶበታል! ስንት በጋ አንድዶታል! እንኳን በሽታው አጥንቱም አፈር ሆኗል።"

"ውርጭ የሚያውቀው ባቄላ መፍጀት ነው" አልኩት። ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ የያዝኩት የአባቴን ቃል ብቻ ነው። "ና፣ የከብት ሐኪሙን እንጠይቅ። ምንም የለውም ካለ እኔም አብሬህ እሸከማለሁ።"

ሐኪሙ ወጣት ነው። ነገሩን ሰምቶ ወንበር ሰጠኝ።

"አባቴ፣ ይህ ተህዋስ ኑሮ ሲከፋበት ጠንካራ ቅርፊት ይለብሳል። ያን ጊዜ አይበላም፣ አይራባም፤ አፈር ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ብርዱም ድርቁም አይገድለውም። አሥርት ዓመታት ቆይቶ ከብት ከሣሩ ጋር ሲበላው ይነቃል።"

"ጎተራ ውስጥ እንደ ከረመ ጤፍ?" አልኩ።

"ልክ እንደሱ። ሬሳው ተከፍቶ ደሙ ፈሶ ቢሆን ደግሞ ማሳው ሁሉ ይበከል ነበር። አባትዎ ሳይከፍቱ መቅበራቸው በጀ።"

ልጄ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። ሐኪሙ አስታጠበው፤ ቁስልም ከወጣብህ ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ሂድ አለው። ከብቶቹን ሊከትብም ተቀጣጠሩ።

ስንመለስ ሚስቱ፣ "ታዲያ ቤቱስ?" አለች።

"ከወንዝ አመላልሳለሁ" አላት። "ዘንድሮ ባይደርስ ለከርሞ ነው።"

እሷም ክምሩን አየት አድርጋ ወደ ጎጆዋ ሄደች። ልጄ እጁን በላስቲክ ጠቅልሎ ያነሣቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ መለሰ፤ ዙሪያውን እሾህ አጠረ። እኔ ራቅ ብዬ ተቀምጬ አየዋለሁ። አባቴን ይቅርታ ሳልጠይቀው መሞቱ ያን ጊዜ ቆጨኝ።

ልጄ ሲጨርስ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

"አባዬ፣ እስቲ ስለ በሬው ንገሩኝ። እንዴት ነበር የሚያርስ?"

ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ከቀንዱ ጀመርኩለት።