ስድስቱ ክኒኖች

አንዲት ክኒን ብቻ የቀረችበት ብልቃጥ ሲነቀነቅ ድምፁ ይለያል። ዛሬ ጠዋት ቦርሳዬ ውስጥ ሲንኳኳ ሰማሁትና ተመልሼ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ አሜሪካ፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነበርን። እናቴ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ በዊልቸር ትገፋ ነበር። በሥራ ሰዓት ሽንቷን ትይዛለች፤ እንዳይመጣባት ደግሞ ውሃ አትጠጣም። «አሮጊቷን ጌት ላይ ጥያት ልሂድ እንዴ?» ትል ነበር። ቤት ስትገባ ቧንቧውን ከፍታ ሽንት ቤት የምትቆየው ስታቃስት እንዳልሰማት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

እኔ የቤታችን አስተርጓሚ፣ ጸሐፊና ነገረ ፈጅ ስለነበርኩ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ሽንቷን አስመርምራ የፊኛ ኢንፌክሽን ነው አለችና አሥር ክኒን አዘዘች፤ ጠዋትና ማታ፣ ለአምስት ቀን። ቢሻላትም እንዳታቋርጥ አስጠነቀቀችኝ፤ እኔም ለእናቴ ነገርኳት።

እናቴ አራቱን ዋጠች። ማቃጠሉ ሲተዋት የቀሩትን ስድስት በሻሿ ጫፍ ቋጠረቻቸው። ኮምቦልቻ ያለችው አያቴ በስልክ «ሽንቴ ያቃጥለኛል» ብላት ነበርና፣ ዓርብ ወደ አገር ቤት በምትሄደው ጎረቤታችን ልትልክላት ነው። ኮምቦልቻ ፋርማሲ ሞልቷል፤ ለእናቴ ግን የአሜሪካ ክኒን ሌላ ነው።

«ማሚ፣ ፊኒሽ አድርጊው ብላለች እኮ።»

«እኔ ተሽሎኛል። የታመመችው እሷ ናት።»

ሐሙስ ዕለት ትኩሳት አንቀጠቀጣት፤ ጎኗን ይዛ መቆም አቃታት። ያችው ጎረቤታችን ሻንጣዋን ማሰር ትታ በመኪናዋ ክሊኒክ አደረሰችን። ክፍሉ አልኮል አልኮል ይሸታል። አልጋው ላይ የተነጠፈው ወረቀት እናቴ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሐኪሟ ክኒኑን ጨርሳ እንደሆነ ጠየቀች።

«ጨርሻለሁ በያት» አለችኝ እናቴ።

እናቴን በሰው ፊት አሳፍሬ አላውቅም ነበር። ግን ፈራሁ፤ ቁጣዋን ሳይሆን እንዳትሞትብኝ። «ኖ» አልኩና የቀረውን በእንግሊዝኛ ዘረገፍኩት። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊቷ መውጣቱን ነገረችኝ። «ኪድኒ» በአማርኛ ምን እንደሚባል ያኔ ስለማላውቅ የእናቴን ወገብ በእጄ ነካሁ። መርፌ ተወጋች፤ ሌላ መድኃኒትም ታዘዘላት።

መኪና ውስጥ ስንገባ ቋጠሮውን ፈታ ስድስቱን መዳፌ ላይ አደረገቻቸው። ላቧ ነክቷቸው ረጥበዋል።

«እሷስ?» አለችኝ።

አያቴን ማለቷ ነበር። ጎረቤታችን መኪናውን አስነሳች።

አያቴ እዚያው ታክማ ዳነች፤ ሁለት ዓመት ቆይታ በሌላ ሕመም ዐረፈች። እናቴ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ቢሆንም «አንድ ነገር እንኳ ሳልልክላት» ማለቷን አልተወችም።

ዛሬ እሷ ቤድፎርድ፣ እኔ ዳላስ ነን። ይኸው ሕመም ሲይዘኝ ሰሞኑን በየቀኑ ስትደውል ሰነበተች። ማቃጠሉ በሁለተኛው ቀን ቢለቀኝም እሷ አልለቀቀችኝም።

«ስንት ቀረሽ?»

«አንድ።»

«ዋጪያት።»

ውሃ ቀድቼ ዋጥኩ።

«እስቲ ብልቃጡን ነቅንቂው» አለችኝ።

ስልኩ አጠገብ አድርጌ ነቀነቅኩት። ምንም አልተንኳኳም።