እጅ ያልነካው ቀሚስ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ጀርባ፣ አምስት የእግር ስፌት መኪና በተደረደረበት በረንዳ ላይ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፋሽን ዲዛይን ልማር ነው ስላቸው፣ ከመኪናቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «ለመርፌና ክር ዩኒቨርሲቲ? እዚሁ በነጻ አስተምርሽ የለም ወይ!» አሉ። በረንዳው በሙሉ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ ቂመኛ ነኝ፤ ሳቁን አልረሳሁትም።

በተለይ የሚያስቃቸው ወረቀቱ ነበር። እኛ መጀመሪያ የልብሱን ልክ ወረቀት ላይ እንስላለን፣ ወረቀቱን ጨርቅ ላይ እናነጥፋለን፣ ከዚያ ነው መቀስ የምናነሳው። አባቴ ግን ደንበኛውን በሜትር ለካ ለካ አድርገው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጠመኔ ጨርቁ ላይ ጫር ጫር፣ ቆረጥ! በቃ። የኔን ወረቀት ባዩ ቁጥር «ይሄን ነው የምታለብሺው ወይስ ሰውየውን?» ይሉኛል።

ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ኮት ሠርቼ አቀረብኩ። መምህሯ ገልበጥ አድርጋ ስፌቱን አየችና «ይሄ የተማሪ እጅ አይደለም። አባትሽ መርካቶ ልብስ ሰፊ ናቸው አይደል?» አለችኝ። ኧረ በእግዚአብሔር ብዬ ማልኩ፤ ማን ይስማኝ! ዜሮ ሰጠችኝ። በዚያ ላይ ተማሪው ሁሉ እየሰማ፣ የመመረቂያ ሥራሽ ላይ የሌላ ሰው እጅ ከገባበት አትመረቂም አለች። ቤት ገብቼ «አባባ፣ የመመረቂያዬን ነገር እንዳይነኩብኝ» አልኳቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱና «አልነካም» አሉ።

ለመመረቂያዬ የገዛሁት የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከፋይ ነበር፣ ከጣቃው መጨረሻ የቀረች አንዲት ቀሚስ የምትወጣት። ባለሱቁ «ሌላው ኮንቴይነር ገና ጅቡቲ ነው፣ ኢንሻ አላህ በወር ይገባል» ብሎኛል። እኔ የማቀርበው አርብ ነው።

መብራት በፈረቃ የነበረበት ጊዜ ነው። ረቡዕ የሚጠፋው የኛ ሰፈር ስለነበር፣ ገበሩን ለመተኮስ ጭድ ተራ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ከፋዩን በረንዳው ላይ ባለው የአባቴ ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ ወረቀቴን ከላዩ አንጥፌ ነው የወጣሁት። ወረቀቱ ላይ ያለው የሰውነቱ ልክ ብቻ ነው። ስፌት የሚበላውን አንድ ጣት ትርፍ ጨርቁ ላይ በጠመኔ የምጨምረው ስመለስ ነበር።

ስመለስ ጨርቁ ተቆርጧል። ተቆርጦ፣ ተጣጥፎ፣ ወረቀቱም ተጠቅልሎ ከላዩ ተቀምጧል። አባቴ ፈገግ ብለው «ቀኑ እንዳይመሽብሽ ብዬ ነው። ስፌቱን አልነካሁም፣ መቀስ ብቻ ነው። ከመስመርሽ ዝንፍ አላልኩም» አሉኝ።

ጨርቁን ዘርግቼ ጠርዙን በጣቴ ለካሁት። «ትርፉስ?»

«የምን ትርፍ?»

«የስፌቱ ነዋ!»

ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። «አርባ ዓመት ሰፍተህ ይሄ ይጠፋሃል? ማን ንካ አለህ አንተ?» ብዬ ጮህኩ።

በሕይወቴ አባቴን «አንተ» ብያቸው አላውቅም። አምስቱም መኪና ቀጥ አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ብዬ ልመልሰው? አባቴ ግን አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ፈትተው እያዩት «ለሌላ ሰው ቢሆን አስተርፍ ነበር» አሉ። «ግን ዩኒቨርሲቲ ያሰመረው ነው፣ የተማረ ሰው ሁሉን አስልቶታል፣ እኔ ማነኝ የምጨምርበት ብዬ እኮ ነው።»

አራት ዓመት የሳቁበትን ወረቀት ለካስ በልባቸው እንዲህ ያምኑት ኖሯል። ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅኩ። ንዴት ይሁን እፍረት ለይቼው አላውቅም።

አባቴ ከጠረጴዛው ሥር የቁርጥራጭ ማዳበሪያቸውን ጎተቱ። ከደንበኛ ሱፍ የተረፈ ጥቁር ጨርቅ አወጡና ፊቴ አስቀመጡት። «ሙሽራ ተለክቶ ከሄደ በኋላ በሽምግልናው ድግስ ወፍሮ ሲመጣብን ምን የምናደርግ ይመስልሻል? ከብብቱ እስከ ታች በግራም በቀኝም ሁለት ጣት ጥቁር ማስገባት ነው። አንድ ደግሞ ጀርባው ላይ ድገሚ። ያኔ የተሳሳትሽ ሳይሆን ያሰብሽበት ይመስላል።» ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። «ሰፊዋ አንቺ ነሽ።»

ረቡዕም ሐሙስም ሥራቸውን ትተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳጣመሩ ከጎኔ ቆሙ። «ሳብ አርጊው... ላላ... ከፋይ ይሸሻል፣ በጣትሽ ያዢው!» መርፌ ወድቆብኝ እንኳ አላነሱልኝም። ይቅርታ ልላቸው አስር ጊዜ አፌን ከፍቼ አስር ጊዜ ዘጋሁት።

አርብ ቀሚሱን አንዲት ረዘም ያለች የክፍሌ ልጅ ለብሳልኝ የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ መድረክ ላይ ወጣች። መምህሯ ጠጋ ብላ ጠርዙን ገለበጠች። ስፌቱ እዚህም እዚያም ጠመም ብሏል። «ስፌቱስ ያንቺው ነው» አለች፣ ፈገግ ብላ። ቀና አለችና «ይሄ ጥቁር መስመር ግን በጣም አሪፍ ነው። ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

አባቴ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። የአባቴ ነው ብል፣ ጨርቁን ማን ቆረጠው የሚለው ይከተላል።

«ከራሴ ነው» አልኩ። አንዴ ከጀመርኩማ ማን ያቁመኝ? «የመርካቶን ጠባብ መተላለፊያዎች አይቼ ነው ያሰብኩት።» አይ መተላለፊያ! አዳራሹ አጨበጨበ። አባቴ እጃቸውን ከኋላቸው የፈቱት ያኔ ነው፤ እሳቸውም አጨበጨቡ።

ወደ ቤት ስንመለስ የታክሲውን እሳቸው ከፈሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርሳቸውን ይዤ በረንዳው ስደርስ፣ አጠገባቸው የሚሰፉት ሽማግሌ «ልጅቷ አለፈች አሉ! ያቺ ጥቁር ግን የኛዋ የወፍራም ሙሽራ ዘዴ አይደለችም እንዴ? የርስዎ ሥራ ናት» ይሏቸዋል።

አባቴ ከመኪናቸው ቀና አላሉም። «የኔ? ምን በወጣኝ! መተላለፊያውን አይታ ነው ያሰበችው። ልጄ ከራሷ ነው ያመጣችው፣ እኔ እጄንም አላስነካሁም።»

በረንዳው ላይ ማንም አልሳቀም። «አባባ» አልኩ፣ ቁርሱን እንደያዝኩ። «እዚያ አስቀምጪው» አሉኝና ስፌታቸውን ቀጠሉ።