የሚልካ ጆሮ

ማናየሽ እንጅባራ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን አስፋልት ዳር ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ተክላ የተማሪ ዩኒፎርምና የመዘምራን ልብስ ትሰፋለች፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የከተማውን ሰው ወፍራም ጃኬት ዚፕ ስትቀይር ትውላለች። እጇ ጥሩ ነው፤ አፏ ግን ከመቀሷ ይበልጣል። አንድ ጊዜ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሱሪው ጠበበኝ ብሎ ቢመልስላት፣ «ስፌቴ ባለበት ነው ያለው፤ የገፋው ሆድህ ነው» ብላ አሳፍራ መልሳዋለች። ባሏ ወንድዬ የጫግኒ መስመር ሚኒባስ ሾፌር ነው። ከእሱ ጋር የተገናኙት ከተማ ባለችው ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው፣ እሱ ወንበር ሲደረድር እሷ መጋረጃ ስትሰቅል ነው።

ልጃቸው ሚልካ ስትወለድ ምንም ያልተለመደ ነገር አልታየባትም። እኩዮቿ «እማ፣ አባ» ሲሉ ግን እሷ ዝም አለች። ስሟ ሲጠራ አትዞርም። የሳቲን ጨርቅ ቁራጭ ከሰጧት ከስፌት መኪናው ሥር ተቀምጣ በጣቷ እያሻሸች፣ በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች ትውላለች። ፉጨት ከሰማች ትጮኻለች። የማታውቀው ሰው ከነካት ራሷን ትመታለች። በዓለም ላይ ደስ የሚላት አንድ ቦታ ቢኖር የአባቷ ሚኒባስ የፊት ወንበር ነው፤ መኪናው ወደ ጫግኒ ቁልቁል ሲወርድ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ ትስቃለች።

እንግዲህ የእኛ ከተማ ሰው የመኪና ጎማ ለማስለጠፍ እንኳ ሦስት ቦታ ይጠይቃል፤ ስለ ሰው ልጅ በሽታ ግን ማንም ሳይጠይቀው ያውቃል። የኦርቶዶክሱ ጎረቤት ጠበል ውሰዷት አለ። የራሳቸው ጉባኤ ጸሎተኞች ደግሞ ከበዋት መንፈሱን በጩኸት ሊያስወጡ ተነሡ፤ መንፈሱ ይውጣ አይውጣ አይታወቅም፣ ሚልካ ግን በበሩ ወጥታ ሮጠች። አንዱ የቴሌቪዥን ነው አለ፣ አንዱ እናቷ በእርግዝና ጊዜ ደንግጣ ነው አለ። ደንግጣ እንደማታውቅ እናቷን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል።

ማናየሽ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሐኪሙ ከልጅቷ ኋላ ቆሞ አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ሚልካ አልዞረችም።

«መስማት የተሳናት ናት» አለ።

«ኧረ ትሰማለች፣ ዶክተር! ከጓዳ ሆኜ የከረሜላ ልጣጭ ሳንኮሻኩሽ ሮጣ ትመጣለች።»

«እናት ስለሆንሽ እንዲህ ይመስልሻል» አለና ካርዷ ላይ ጻፈው። በአንዲት ጭብጨባ ደንቆሮ ሆና ተመለሰች።

በሌላ ጊዜ ያገኙት ባለሙያ ደግሞ የራሱ ግኝት ነበረው። ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ ጠየቀ። የማናየሽ እናት እታለማሁ የጥርባ አካባቢ ሰው ናቸው፤ በገበያ ቀን እየመጡ የልጅ ልጃቸውን በአዊኛ ያጫውቷታል። «በቃ እሱ ነው! በሁለት ቋንቋ አደናግራችኋት ነው» አለ ሰውየው፣ ግማሹ የዞኑ ሕዝብ በሁለት ቋንቋ ተናግሮ እንደሚያድር የማያውቅ ይመስል። እሱ ራሱ በካርድ ክፍሉ መስኮት ከገበሬ ጋር በአዊኛ ሲከራከር ሰው ሰምቶታል። ማናየሽ ግን የመጣባትን ሁሉ መሞከር ነበረባትና እናቷን ለመነቻቸው። እታለማሁም ከዚያ ወዲህ ሲመጡ ልጅቷን እያቀፉ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ዝም ይሉ ጀመር። ሚልካ የአያቷን አገጭ በእጇ እየነካች፣ ድምፁ ወዴት እንደሄደ ትፈልግ ነበር።

ወንድዬ በመጨረሻ መኪናውን ለጓደኛው ትቶ እናትና ልጅን ባሕር ዳር ወሰዳቸው። እዚያ ያየቻቸው ሐኪም ወለሉ ላይ ከልጅቷ ጎን ተቀምጣ ብዙ ቆየች። ኦቲዝም እንደሆነ፣ የአያቷ አዊኛም ሆነ የማንም ርግማን እንዳላመጣው ነገረቻቸው። ማናየሽ ያን ቀን አላለቀሰችም። ስልኳን አውጥታ ለእናቷ ደወለችና፣ «እማዬ፣ እንደ ልብሽ አውሪላት» አለቻቸው። ያለቀሱት እታለማሁ ናቸው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በተከታዩ ክረምት፣ የእንጅባራ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ሚልካ ግራ ጆሮዋን ግድግዳ ላይ ትመታ ጀመር። መብላት ተወች። እናቷ ታቅፋት ስታድር ሰውነቷ እንደ ምድጃ ይፋጃል። በማግስቱ በጭብጨባ ደንቆሮ ወዳሏት ወደዚያው ሐኪም ቤት ሄዱ።

መተላለፊያው በሰው ተጨናንቋል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ይጮኻል፣ ማንም አያየውም። ሚልካ መሬት ላይ ተዘርራ እሪ አለች። ዘበኛው ዱላውን እያወዛወዘ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን ያዢ! አለዚያ ይዘሽ ውጪ!»

«ታማ ነው፣ ጋሼ።»

«ይኼ በሽታ ሳይሆን ጥጋብ ነው። አላሳደግሻትም!»

እንዲህ ሲል ወረፋ የያዘው ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ በአሳዳጊነት ዘበኛው ሊቅ ነበርና።

ውስጥ ሲገቡ ተረኛው ሐኪም ከወንበሩ አልተነሣም። «ምንድን ናት?» አለ።

«ኦቲዝም አለባት። አሁን ግን ግራ ጆሮዋን...»

የመጀመሪያውን ቃል ሰማ፤ የቀረውን አልሰማም። «እንግዲህ እሱ ነዋ! ራሳቸውን ይመታሉ፤ የታወቀ ነው።»

«ከዚህ በፊት ግድግዳ መትታ አታውቅም። ትኩሳት አላት፤ እባክህ ጆሮዋን እየው።»

ለማየት ሰው ተጠራ። ነጭ ጋዋን የለበሱ አራት አዋቂዎች አንዲት ቀጭን ልጅ አልጋ ላይ ጨፈለቁ። አንደኛው ባንተአምላክ የሚባል ወጣት ጤና መኮንን ነበር፤ የያዘው እግሯ ተንሸራትቶበት ወደ ፊቷ ሲወድቅ ጣቱን አፏ አገኘው። ነከሰችው። ሐኪሙ የጆሮ ማያ መብራቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረና፣ «እንዲህ ያለችው እዚህ አትታከምም» ብሎ የሚያስተኛ ሽሮፕ አዘዘ። የታመመውን ጆሮ ትቶ እንቅልፍ ሰጣት። እሱም አላያትም፣ እሷም አትጮኽበትም፤ ሁለቱም ተገላገሉ ማለት ነው።

ጥቂት ቀን ሳያልፍ ትራሷ በመግል ረጥቦ ተገኘ። እንደገና ባሕር ዳር። የጆሮ ሐኪሙ አይቶ ከንፈሩን ነከሰ። ታምቡሩ ተበስቶ፣ ኢንፌክሽኑ ውስጡን ጎድቶት ነበር። ትኩሳቱ በመድኃኒት ወረደ፤ ግራ ጆሮዋ ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማም። በጭብጨባ ደንቆሮ ያሏት ልጅ ያኔ በሁለቱም ትሰማ ነበር፤ ሥራቸው ቃላቸውን እውነት አደረገላቸው።

ማናየሽ አፏን ዘጋች። ደንበኞቿ ፈሩ። ስትሳደብ የኖረች ሴት ዝም ብላ ስትሰፋ ማየት አያምርም።

መጋቢት ላይ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ሰው መጣባት። የኦቲዝም ቀን በአዳራሽ ሊከበር ነው፤ ልጅሽ ባሕር ዳር ታክማ እንደዳነች ሰምተናል፤ መድረክ ላይ ወጥተሽ ምስጋና ታቀርቢያለሽ፤ ልጅቷም ትምጣ፣ ትታይ አላት። ወንድዬ፣ «ተዪው፣ ምን ይሠራልሻል?» ቢላት፣ «እሄዳለሁ» አለች።

አዳራሹ ታጥቦ ተጠርጓል። ፊት ለፊት የተዘረጋው ባነር «እናዳምጣቸው!» ይላል። ከባነሩ ግራና ቀኝ ደግሞ ለሠርግ የሚከራዩ፣ ቁመታቸው ከሰው የሚተካከል ሁለት ሞንታርቦዎች ቆመዋል። ልጆቹን ኮፍያ አልብሰው ፊተኛው ረድፍ፣ ልክ ከሞንታርቦዎቹ አፍ ሥር ደርድረዋቸዋል፤ ለካሜራ እንዲመቹ ነው። ሙዚቃው ሲለቀቅ የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ዓለምነው ማይክራፎኑን ከከንፈራቸው አጣብቀው ንግግር ጀመሩ። ስለ ልዩ ትኩረት ተናገሩ። ስለ ቅንጅታዊ አሠራር፣ ስለ ባለድርሻ አካላት ተናገሩ። ልጆቹ እያለቀሱ ነበር። አንዱ ኮፍያውን እየበላ ነው። አቶ ዓለምነው ልቅሶውን ለመብለጥ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

ማናየሽ ሚልካን ፈልጋ ዘወር አለች። አግዳሚው ሥር ገብታ ተኮራምታለች። ድሮ እንዲህ ሲሆን ሁለት ጆሮዋን በሁለት እጇ ትደፍን ነበር። አሁን የደፈነችው አንዱን ብቻ ነው፤ ቀኙን። ግራ እጇ ሥራ ፈትቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

ማናየሽ ተነሣች። ጥግ ላይ ወዳለው ሶኬት ሄዳ ገመዱን መዘዘችው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። አቶ ዓለምነው ጥቂት ቃላት ያለ ድምፅ ከተናገሩ በኋላ ነው የገባቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ ሴትዮ?»

«ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘዋል። አይታይዎትም?»

«ፕሮግራም እኮ እያበላሸሽ ነው! ባለድርሻ አካላት በተቀመጡበት...»

«ባለድርሻዎቹ ወንበር ሥር ናቸው። ጎንበስ ብለው ይዩዋቸው።»

አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነ። ማናየሽ ግን አልሳቀችም። ገመዱን በእጇ እንደያዘች ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ምስጋና አቅርቢ ተብዬ ነው የመጣሁት። ልጄ ጆሮዋን ታማ ሐኪም ቤት ወሰድኋት። ኦቲዝም አለባት ስላቸው ጆሮዋን ሳያዩ መለሱኝ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጆሮ አያመውም? ጥርስ የለውም? ወስፋት አይዘውም? ሰው አይደለም? አሁን በአንድ ጆሮዋ ደንቁራለች። ለዚህ ነው አመስግኚ የምትሉኝ?»

ሚልካን ከአግዳሚው ሥር አወጣቻትና አዝላት ሄደች። ሌሎች እናቶችም ልጆቻቸውን እያነሡ ተከተሏት። ባለድርሻዎቹ ምሳ ቀርቦ ስለነበር ቀሩ፤ እንደሰማሁት ጥብሱ ጥሩ ነበር። በሪፖርቱም ላይ «ተሳታፊዎች ንቁ ተሳትፎ አድርገዋል» ተብሎ ሰፈረ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ እውነት ጻፉ።

በማግስቱ ባንተአምላክ ስፌት ቤቷ ድረስ መጣ። ትናንት እሱም አዳራሹ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ቆመ።

«እግሯን የያዝሁት እኔ ነበርሁ» አለ።

«አውቃለሁ። ጣትህን ነው የነከሰችህ።»

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው...»

«ይቅርታህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ጆሮ አይሆን።» መኪናዋን ረገጠች፤ መርፌው ሄደ፣ ቆመ። «ግራው ሄዷል። ቀኙን ማን ያይልኛል?»

«እኔ አያለሁ» አለ።

እሷም ምን እንደምትፈልግ ነገረችው፤ ወረፋው ሳይሰበሰብ በጠዋት፣ በኋላ በር፣ ያለ ነጭ ጋዋን፣ ያለ ያዥና ጨፍላቂ። አለቆቹ እሺ እንዲሉ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። አንዱ አለቃ፣ «ለእብድ ልጅ ሲባል የኋላ በር ይከፈት?» ብሎ ነበር፤ ለራሱ ዘመዶች ግን ያ በር ተዘግቶ አያውቅም። ባንተአምላክ ጀግና አይደለም፤ ተከራክሮ፣ ተሰድቦ፣ አንድ ሁለት ጊዜም ተስፋ ቆርጦ ነበር። ማናየሽ በሄደ በመጣ ቁጥር ከስፌት ቤቷ ብቅ እያለች፣ «እህሳ?» ስለምትለው ግን መንገድ ቀይሮ ማለፍ አልሆነለትም።

በሩ የተከፈተ ቀን ሚልካ የጆሮ ማያውን መብራት ተቀብላ ስታበራና ስታጠፋ ቆይታ ሄደች። ሌላ ምንም አልተደረገም። በሚቀጥለው ቀጠሮ አያቷ አብረው መጡና በአዊኛ እያወሩላት ባንተአምላክ የእሳቸውን ጆሮ አየ። እታለማሁ፣ «እስከዚህ ዕድሜዬ ጆሮዬን ያየው የለም» ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ በመጣች ጊዜ ሚልካ ራሷ ቀኝ ጆሮዋን አዘነበለችለት። ጤነኛ ነበር። ማናየሽ ከበሩ ውጭ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ፊቷን ያየ የለም።

ወሬው ተሰማ። ትዕዛዙ የሚባል ገበሬ ኦቲዝም ያለበትን፣ ጥርሱን የታመመ ልጁን ተሸክሞ ከጥርባ ወዲያ መጣ። ሌሎችም መጡ። ያን ጊዜ አቶ ዓለምነው ብቅ አሉ፤ ከኋላው በር ላይ «ሞዴል አገልግሎት» የሚል ባነር ተሰቀለ፣ ፎቶ ተነሡ። ዘበኛው እንኳ እንግዳ ሲመጣ፣ «ይኼን ያስጀመርነው እኛ ነን» ይላል አሉ።

ማናየሽ ባነሩን አይታ፣ «ጫፉ አልተቀመቀመም፣ ይተረተራል» ብላ አለፈች። ለባነር ጊዜ የላትም። ከዳንግላ አንዲት እናት ደውላላት፣ ቅዳሜ ሚልካን ለወንድዬ ትታ፣ እሷና ትዕዛዙ በእዚያው ሐኪም ቤት እንዲህ ያለ በር ለማስከፈት ሊያግዟት ሄደው ነበር። ዳንግላ ላይ እስካሁን ዘበኛውን እንኳ አላለፉም።