ሚስቴ የምትምልበት ሰው

ሚስቴ በወንድሟ ነበር የምትምለው። ሌላ መማያ አልነበራትም። ጨው አልቆ ከሆነ «ጋሼ ይሙት ቅንጣት የለም!» ነው። ጎረቤት ብዪ ካላት «ጋሼ ይሙት አሁን ነው የበላሁት!» ነው። አዲስ ኮት ገዝቼ የለበስኩ ዕለት እንኳ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ጋሼ ይሙት አምሮብሃል!» አለችኝ። እኔ አማረብኝ ብዬ ደስ ሊለኝ ስል ያ ሰውዬ መሃል ገባ።

እኛ መንዞች ዘንድ ሴት በወንድሟ ብትምል የሚገርመው የለም። እናቴም በአጎቴ ስትምል ነው ያደግሁት። የሚማለው ሞቱ በሚያስፈራ ሰው ነው፤ በማትሳሳለት ሰው ብትምል ማን ያምናታል? እኔን የሚከነክነኝም ይኸው ነበር። ከተጋባን ዓመታት አልፈው አንድ ቀን በእኔ ምላ አታውቅም። ሰው «ይሙት» እንዲባልበት ይመኛል? እኔ ተመኘሁ፣ ምን ላድርግ!

ያን ጊዜ ሞላሌ አስተማሪ ነበርኩ፤ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ወንድሟ ራቤል አካባቢ ገብስ የሚያርስ፣ በግ የሚያረባ፣ በራችንን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው ነው። እሱ ሲመጣ መደቡ ላይ ያለው የእኔ ቦታ የእሱ ይሆናል። ዶሮ ከተሠራ ፈረሰኛው፣ ያ ለአባወራ የሚወጣው ብልት፣ ለእሱ ይወጣል። እኔ ክንፍ እግጣለሁ። «እንግዳ እኮ ነው» ትለኛለች። እንግዳስ ሌላም ይመጣ የለ? ለሌላው እንግዳ ፈረሰኛ ወጥቶ አላየሁም።

አንድ ዓመት ደግሞ ለብርድ የሚደረብ ባና ሊሠራበት ጥቁር የበግ ጠጉር ስትፈትል ከረመች። የሞላሌን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለእኔ ነው ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለመምህራኑ ሁሉ «ሚስቴ ባና እያዘጋጀችልኝ ነው» ብዬ ጉራዬን ነፋሁ። ተሸምኖ፣ ተረግጦ፣ ባናው አለቀ። በማግስቱ ወንድሟ ትከሻ ላይ አየሁት። መምህራኑ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሳቁብኝ።

በዚህ መሃል ዲፕሎማዬን ለማሟላት የክረምት ትምህርት ሄድኩ። ስለ ሰው ጠባይ የሚያስተምረን ሰው አንድ ቀን እንዲህ አለ፤ ፍርሃታችን፣ ፍቅራችን፣ ቅናታችን ሁሉ ከጥንት አያቶቻችን የወረስነው ነው። የራሱን ሰው ያልጠበቀ፣ ዘር ሳይተካ ቀረ፤ የጠበቀው ወለደ፤ እኛ የጠባቂዎቹ ልጆች ነን። እሰይ አልኩ! ለካ የምቀናው ክፉ ሆኜ አይደለም፣ ርስቴ ነው።

ሰውዬው ግን እዚያ ላይ አላቆመም። እኅትና ወንድም ደማቸው አንድ ስለሆነ አንዱ ለሌላው ይሳሳል፤ ባልና ሚስትን ግን በደም የሚያገናኛቸው ልጃቸው ነው አለ። እኛ ልጅ አልነበረንም። ሌሎቹ ሲጽፉ እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ቤት ስመለስ ሚስቴ ሰፌድ ይዛ ስንዴ ትለቅማለች። ገና አረፍ ሳልል ጀመርኩ። «ለወንድምሽ የምትንሰፈሰፊው ደምሽ ስለሆነ ነው። ሳይንስ ነው ይሄ። በጎቹም እንዲሁ ናቸው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ይህን ለመስማት ነው ክረምቱን ሙሉ ብቻዬን የተውከኝ? ብትጠይቀኝ እኔ እነግርህ አልነበር? ጋሼ ይሙት ተጫውተውብሃል!»

በዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ወንድሟ የነፍስ አባታችንን አስከትሎ መጣ። ያንን ባና ለብሷል። ሚስቴ ዶሮ ሠርታ ነበር፤ ገና ፈረሰኛውን እንዳወጣችለት እጁን ሳይሰድ ተናገረ። «ጥፋቱ የማንም አይደለም። ግን ልጅ የለም፣ የእኅቴም ዕድሜ እየሄደ ነው። ይዣት ልሂድ፤ ሌላ ትዳር ትሞክር።»

የተጋባነው በሰማንያ ነው፣ ቁርባን የለብንም፤ ስለዚህ አባ «አይሆንም» የሚሉበት ነገር አልነበራቸውም። «እሷው ትናገር» አሉ።

ያ የክረምት ትምህርት በሙሉ መጣብኝ። እሱ ደሟ ነው። እኔ ማን ነኝ? ባናውን ከትከሻው ገፍፌ በበሩ ብወረውረው ደስ ባለኝ፤ ግን ተቀምጬ ቀረሁ።

«አልሄድም፣ ጋሼ» አለች።

«አዝነሽለት ነው። ነገ ይቆጭሻል።»

«አዝኜለት አይደለም። አልሄድም።»

«እስቲ ማዪልኝ!» አላት። በማን እንደምትምል ያውቃላ! በእሱ ሞት ምላ እሱን እንቢ ልትል እንደማትችል ያውቃላ!

ሚስቴ ወደ እኔ መጣችና እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። «ይሄ ይሙት አልሄድም!»

ዘወትር «በሰው ሞት አትማዪ» እያሉ የሚቆጧት አባ ያን ዕለት «በቃ፣ ተናግራለች» አሉ። ወንድሟን አየሁት። ፊቱ ላይ ያለውን አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ ፊት ስዞር የኖርኩት እኔ ነኝ። ዱላውን አነሣ። «ጋሼ፣ ቅመስ እንጂ!» ብትለውም ፈረሰኛውን እንደወጣ ትቶት ጎንበስ ብሎ ወጣ። አባም «ተዪው፣ ይበርድለታል» ብለዋት ተከተሉት።

እኔ ተነሥቼ መደቡ ላይ፣ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት የተመኘሁትን ቃል በጆሮዬ ሰማሁ፣ ምስክሩ ቄስ፣ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ልቤ ሊፈነዳ ደርሷል።

ሚስቴ ደጅ ወጥታ አጥሩ ጋ ቆመች፤ በተከፈተው በር አያታለሁ። ወንድሟ ዞር ሳይል መንገዱን ይዟል። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች።

«ነይ ግቢ፣ ብርድ ነው» አልኳት።

«ቆይ፣ እስኪታጠፍ ልየው።»

መታጠፊያው ሩቅ ነው። ጥቁሩ ባና እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ፤ እሷም ዓይኗን አልነቀለችም። እኔም ፈረሰኛው ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ደስታዬን እንኳ ሳላጣጥመው፣ እንደገና ቀናሁ።