አንዱ ሮቃ ለምን ጣፈጠ?

በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት ቢቸና አንድ የችግኝ ጣቢያ ውስጥ እሠራ ነበር። ኃላፊዬ ኮምጣጣ ፍሬ የሚያፈራውን የቆላ ዛፍ፣ የሮቃን ዘር ሰብስቤ እንድመጣ ወደ ዓባይ በረሃ ላከኝ። የደጋ ልጅ ነኝ፤ ሮቃን የማውቀው ጥርስ ሲያጠርስ ብቻ ነው።

እዚያ ያሳደሩኝ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ከደጃቸው በታች ሦስት ሮቃዎች ቆመዋል። ከመጀመሪያው ቀምሼ ፊቴ ሲኮማተር ሴትዮዋ ሳቁና ከሦስተኛው ሥር አንድ ፍሬ አነሱ።

«እስቲ ይህን ቅመሺ።»

ጣፋጭ ነው። ፍሬው ረዘም ይላል፤ ሥጋውም ወፍራም ነው።

«እማማ፣ አፈሩ አንድ፣ ውሃው አንድ። ይኼ ለምን ጣፈጠ?»

«ምኑን አውቄው ልጄ? እዚህ ቤት በሙሽርነት ስገባም እንዲሁ ነበር።»

የየዛፉን ዘር ለየብቻ በጨርቅ ቋጥሬ ተመለስኩ። ኃላፊዬ «ሮቃ ያው ሮቃ ነው፤ አንድ ላይ ዝሪው» አለኝ። እሺ ብዬ ለየብቻ ዘራሁት። ክረምት ሲገባ ከጣፋጩ የበቀሉትን ስምንት ችግኞች ራሴ ወስጄ ከሴትዮዋ ማሳ ዳር ተከልኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ፤ እዚያው አገባሁ፣ ወለድኩ። ሮቃ ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ ቆላ የመጣ ሰው ገበያ ላይ ባገኘሁ ቁጥር «የባልቴቷ ሮቃዎች አፍርተዋል ወይ?» እላለሁ። አንድ ቀን አንዱ «አፍርተዋል» አለኝ። ፈቃድ ጠይቄ ወረድኩ።

ሴትዮዋ አርጅተዋል፤ በድምፄ ለዩኝ። ከስምንቱ ሦስቱ አፍርተው ነበር። የመጀመሪያው ኮምጣጣ። ሁለተኛው የባሰ። ሦስተኛው ትንሽ ይጣፍጣል፤ እናቱን ግን አያክልም። ቅር ብሎኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆንሽ? እኔ ሰባት ወልጄ አንዱም እኔን አልመሰለም፤ ሁሉም ወደ አባታቸው ሄዱ» አሉኝ።

ቀና ብዬ ከደጃቸው በታች ያሉትን ሁለቱን ነባር ኮምጣጣ ዛፎች አየሁ። ቅርንጫፎቻቸው ከጣፋጩ ጋር ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ያን ሁሉ ዓመት ያሰብኩት ስለ እናትየዋ ብቻ ነበር። ንብ ካንዱ አበባ ወደ ሌላው እንደምትሄድ እያወቅሁ፣ አባት መኖሩን እንዴት ረሳሁ?

በማግስቱ፣ ሞጣ ሳለሁ በብርቱካን ችግኝ ላይ የተማርኩትን ሞከርኩ። ከጣፋጩ ዛፍ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ቆርጬ ከዛፎቹ ሥር በበቀሉ አራት የሮቃ ችግኞች ግንድ ላይ አጣበቅሁና በላስቲክ አሰርኳቸው። እንዲህ ከሆነ አባት አይገባበትም፤ ያው ራሷ እናትየዋ ናት።

ከወራት በኋላ ሴትዮዋ ሰው ላኩብኝ። «ሦስቱ ደርቀዋል፤ አንዱ አቆጥቁጧል በላት ብለውኛል» አለ።

«ስንት ቅጠል አውጥቷል?» አልኩት።

መልእክተኛው ግራ ገብቶት አየኝ። አልቆጠረም።