በራሱ ላይ የመሰከረው አያ አዳነ

ዛሬ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው ስልኬ የጠራው። "ብርቱካን፣ አያ አዳነ አረፈ" አለችኝ የቢሮ ጓደኛዬ።

"የትኛው አዳነ?" አልኳት። አንድ አዳነ ብቻ እንደማውቅ እያወቅኩ።

ትናንት እኮ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ በአንድ ሚኒባስ ነው የመጣነው። ስለ ልጁ ፈተና ሲያወራኝ መጥቶ፣ ሲወርድ "በይ ሸጋ ዋዪ" ብሎኝ ሄደ። ቤቱ ገብቶ ደረቴን አመመኝ አለ አሉ። ሆስፒታል እስኪያደርሱት አልቆየም።

ወደ ቀብሩ ከመሄዴ በፊት ልጻፍ። ስለዚህ ሰው እናንተም ማወቅ አለባችሁ።

አያ አዳነ ውጤት መዝጋቢ ሆኜ የምሠራበት ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበር። ዳባት አካባቢ የመሪጌታ ልጅ ሆኖ ነው ያደገው። ኪቦርዱን በሁለት ጣቱ እየነካ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን አንቱ ስለው "አንቱታውን ለአባቴ ተይለት" ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ አልኩት።

የተማሪ ውጤት የሚቀመጥባቸው ዋና ኮምፒውተሮች፣ የኮሌጃችን ሰርቨሮች፣ የሚሠሩት በነጻ በሚገኘው ሊኑክስ በሚባል ሲስተም ነው። አንድ ሰሞን አያ አዳነ ከዕቃ ግምጃ ቤት አሮጌ ኮምፒውተር አስወጥቶ አቧራውን ሲያራግፍ አገኘሁት። ሎግ ሊሰበስብበት ነው። ሎግ ማለት ሰርቨሩ ራሱ የሚጽፈው የውሎ መዝገብ ነው፤ ማን ገባ፣ ምን ነካ፣ በስንት ሰዓት። የሁሉም ሰርቨሮች መዝገብ ወደዚያች አሮጌ ማሽን እንዲላክ አደረገ፤ አንዱ ቢበላሽ እንኳ ታሪኩ አብሮት እንዳይጠፋ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰዓታቸውን አንድ አደረገው። "ሰዓቱን የማያውቅ ምስክር ምን ይረባል?" ይል ነበር።

"ምነው አያ አዳነ፣ ይሄን ሁሉ ማን ያነበዋል?" አልኩት።

"ማንም ላያነበው ይችላል። የጎደለ ነገር የተገኘ ቀን ግን፣ ሰው ከሰው ከሚጣላ መዝገቡ ይናገር።"

"መዝገቡ ይናገር" የዘወትር ቃሉ ነበረች። ስብሰባ ላይ ሰው ሲካሰስ እሷኑ ይደግማል፣ እኛም እንስቃለን።

ከዚያ የእኔ ቀን መጣ።

የተመራቂ ተማሪዎች ውጤት ተዛብቶ ተገኘ። መምህሩ አርሞ የሰጠኝና በእጄ ሰርቨሩ ላይ ያስገባሁት እርማት የለም። ከተማሪዎቹ አንዷ የአክስቴ ልጅ ነበረች፤ በእርማቱ ዝቅ ያለው ውጤቷ ተመልሶ ከፍ ብሏል። ሌላ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? "ለዘመዷ ብላ ነው" ተባለ። ከሥራ የታገድኩበትን ደብዳቤ ተቀብዬ ወጣሁ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ የትውልድ ከተማዬ ማክሰኝት ደረሰ። እናቴ ገበያ ስትወጣ ሴቶቹ ጨዋታ ያቆሙባት ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ተጠርቼ ስሄድ፣ በተከፈተው በር አያ አዳነ የኮሌጁ ዲን ፊት ቆሞ አየሁት። በእጁ ከሎጉ ማሽን የታተመ አንድ ወረቀት ይዟል።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "ሰርቨሩ ተበላሽቶ ከመጠባበቂያው ቅጂ ስመልስ፣ የቆየውን በአዲሱ ላይ ጻፍሁበት። የእሷን እርማት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይሄው፣ ስሜ አለበት፤ ሰዓቱም አለ።"

ዲኑ ወረቀቱን አገላበጠው። "ይሄን ከአንተ ሌላ ያየው አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን አስቸኮለህ? ቀስ ብለን..."

"ብርቱካን ከሥራ ውጭ ናት" አለ አያ አዳነ። "ቀስ የሚባልበት ጊዜ የላትም።"

እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሱ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፣ ኃላፊነቱም ለሌላ ተሰጠ። ጠረጴዛውን ወደ ጥግ አዛወሩትና በዚያው ክፍል ተራ ባለሙያ ሆኖ ቀጠለ።

በዚያ አላበቃም። በገበያ ቀን ማክሰኝት ድረስ ሄዶ እናቴን ጤፍ ተራ ውስጥ አገኛት። ሴቶቹ እየሰሙ "እመቴ፣ ልጅዎ ንጹሕ ናት። ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አላት። እናቴ ዛሬም ታወራዋለች። "ሰው እንዴት ጥፋቱን ተሸክሞ ይሄን ሁሉ መንገድ ይመጣል?" ትላለች።

ቆይቼ አንድ ቀን ጠየቅኩት። "የሎጉ ማሽን ቁልፉ ባንተ እጅ ብቻ ነበር። አጥፋው የሚል ሐሳብ አልመጣብህም?"

 "መጥቶብኛል" አለኝ። "ያገኘሁት በሁለተኛው ቀን ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አሰብሁት። ልጆቼን አሰብሁ። ልዋሽሽ አልችልም።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ይነግረኝ ነበር? እኔ ግን ያቺን አንድ ቀን ያዝኩበት። እኔ ቤቴ ተኮራምቼ ሳለቅስ እሱ ቁጭ ብሎ ያመዛዝን ነበር እያልኩ። ሰላም እለዋለሁ፣ አብሬው ሻይ እጠጣለሁ፣ ሆዴ ግን ይቅር አላለውም ነበር። እሱም ያውቅ ነበር መሰለኝ። አንድ ጊዜም አላነሳብኝም።

አያ አዳነ፣ እናቴ ከማክሰኝት ተነስታለች። ከሰዓት አብረን እንሸኝሃለን።

የዚያን ቀን የፈራኸው ለኑሮህ ነው፤ እኔ ብሆን ከዚያ በላይ እፈራ ነበር። ፈርተህም መጣህልኝ። ትናንት ያን ሁሉ መንገድ ጎንህ ተቀምጬ ይሄን ልነግርህ እችል ነበር፤ ስለ ልጅህ ፈተና ስታወራ ሰማሁህና ዝም አልኩ።

ያቺን አንድ ቀን ትቼልሃለሁ፣ አያዬ። ስለዘገየሁ አንተም ይቅር በለኝ። በሰላም ሂድ።