ጭንቀቴን ስስል ፍራሼ ግቢ ወጣ

ትናንት ከሥራ ስመለስ ፍራሼ ግቢው መሃል ተጋድሞ ጠበቀኝ። ትራሴ ከላዩ፣ ጫማዎቼ ከጎኑ... አከራዬ እማማ አንጓች ደግሞ የክፍሌ በር ላይ ቆመዋል። በእጃቸው ጆግ ሙሉ ጸበል ይዘዋል።

«ውጣልኝ!» አሉ። «ዛሬውኑ ውጣልኝ!»

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። መሥሪያ ቤታችን «የሠራተኛውን ጭንቀት ለማቃለል» ብሎ የኦንላይን ስብሰባ ጠራ። ጭንቀታችን የሚመጣው ከስብሰባ ነው፤ መድኃኒቱም ስብሰባ ሆነና አረፈው።

አሰልጣኟ ያለችው አዲስ አበባ ነው። ከጀርባዋ የሐይቅ ፎቶ አድርጋ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ድምጿን አለስልሳ «ዓይናችሁን ጨፍኑ... ሐይቅ ዳር እንዳላችሁ አስቡ...» ትላለች። የእኔ እመቤት፣ እኔ እኮ ያለሁት ባሕር ዳር ነው! የቢሮዬን መስኮት ብከፍት ጣና ከነቢምቢው ይገባል። አንዱ ባልደረባችን ደግሞ ማይኩን ሳይዘጋ ከሚስቱ ጋር ስለ ሽሮ ይጨቃጨቃል። እሷ ምን አለች? «የምትሰሙትን ድምፅ ሁሉ ተቀበሉት።» ሽሮውንም ተቀበልነው።

ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ ተባልን። «የሚያስጨንቃችሁን ሰው ስም መሃል ላይ ጻፉ። ዙሪያውን በመረብ፣ በክብ፣ ደስ ባላችሁ ቅርፅ ሙሉት። መሳል ባትችሉም ችግር የለውም።» እውነትም ችግር የለውም፤ እሷስ መቼ ትችላለች! ያሳየችን ናሙና የተበጣጠሰ ወንፊት ነው የሚመስለው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሰው ግልጽ ነው። እማማ አንጓች ትርፍ ቁልፍ አላቸው፤ በሌለሁበት እየገቡ አምፖሉ መጥፋቱን፣ ቧንቧው መዘጋቱን ይፈትሻሉ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከኋላዬ ቆመው «አንተ ልጅ፣ ጣናን ጨረስኸው እኮ!» ይሉኛል። ስለዚህ «አንጓች» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ዙሪያውን በጥቁር እስክሪብቶ መረብ ሠራሁበት። በየመረቡ ቀዳዳ ደግሞ በቀይ ዓይን ሳልኩ።

እያፈርኩ ልንገራችሁ... ተረጋጋሁ። ያን ሁሉ ስቀልድ የነበርኩት ሰውዬ ምሳ እንኳ ረሳሁ። ቤት ገብቼ ሌላ ሳልኩ፤ በማግሥቱም ሌላ። ሁሉም ላይ አንጓች፣ ሁሉም ላይ መረብና ዓይን። አሰልጣኟ «ስትገቡና ስትወጡ የምታዩበት ቦታ ስቀሉት» ብላ ስለነበር ከበሩ በላይ ደረደርኳቸው።

እማማ አንጓች ብዙ ፊደል አልቆጠሩም። ማንበብ የሚችሉት ስማቸውን ብቻ ነው። እኔም የጻፍኩት እሱኑ ነው።

«ምን አደረግሁህ?» አሉኝ። «ቤቴን ሰጠሁህ፣ ክፉ ቃል አልተናገርሁህ። ስሜን በቀይና በጥቁር አስረህ ከበር ላይ ትሰቅለው? የየት አገር ደብተራ ነው የጻፈልህ?»

«ኧረ እማማ፣ ሥዕል ነው! ጭንቀት ማስወገጃ ነው!»

«እኔን ልታስወግድ ነዋ!»

ሳቄ መጣ። ወደዚህ ስመደብ አዳማ ያለችው እናቴ «እዚያ አገር መተት አለ ይባላል፤ የክርስትና ስምህን ለማንም እንዳትነግር» ስትለኝ ስቄባታለሁ። ይኸው መተተኛው እኔው ሆኜ ቁጭ! ግን ሳቁ ወዲያው ጠፋ። ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ይህን ክፍል ያገኘሁት ስንት ደላላ ለምኜ ነው፤ ደመናው ደግሞ ከሐይቁ በኩል እየጠቆረ ወደ ፍራሼ ይመጣል። በዚህ አሮጌ ወሬ የተነሣ ጎዳና ልወድቅ ነው። ያኔ ነው እናቴ ስለ ክርስትና ስም ያለችው የበራልኝ።

«እማማ፣ እኔ እኮ የክርስትና ስምዎን አላውቀውም!»

ሊረጩኝ ያነሡት ጆግ አየር ላይ ቆመ።

«አታውቀውም?»

«ከየት አውቄው!»

ጆጉን ዝቅ አደረጉ። «በዓለም ስም እንደሁ መተት አይዝም...» አሉ ለራሳቸው። ፊታቸው በራ። ሥዕሎቼን አውርደው ቀዳደዱ፣ ጸበል ረጩባቸው። ከዚያ ፍራሹን በአንድ ጫፍ አነሡልኝ፤ እኔም በሌላው ይዤ፣ በሆዴ እየሳቅኩባቸው አስገባነው።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር አሉ።

«ያንተስ የክርስትና ስም ማነው ልጄ? እንዲያው አንሥቼ ልጸልይልህ ብዬ ነው።»

እኔ ጅሉ ከደስታዬ ብዛት ነገርኳቸው። (እዚህ አልጽፈውም፤ ተምሬያለሁ።) ሁለቴ አስደግመውኝ «ይሁን፣ አልረሳውም» ብለው ሄዱ።

ሥዕሉን አልተውኩትም። ዛሬ መሃል ላይ የጻፍኩት የአሰልጣኟን ስም ነው።

መተት ደግሞ የሚባል ነገር የለም፤ የተማረ ሰው ነኝ፣ አላምንበትም... ብቻ ዛሬ ጠዋት ፊቴን በአንድ ኩባያ ውሃ ታጠብኩ።